ከድንጋዩ ጀርባ የቆመው ውሃ

የባሕር ውሃ አኳሪየሜ አራተኛ ዓመቱን በያዘ ጊዜ ከድንጋዮቹ ጀርባ፣ አሸዋው ከመስታወቱ ጋር በሚገናኝበት ጥግ ላይ፣ ከፋይ የመሰለ ቀይ ሽፋን ብቅ አለ። በብርሃን የሚያድግ ሳያኖባክቴሪያ የተባለ ባክቴሪያ መሆኑን ለመለየት አልተቸገርኩም፤ በሲሪንጅ ስስበው እንደ ስስ ጨርቅ ተቦጭቆ ይወጣል፣ በሦስተኛው ቀን ግን ምንም እንዳልተነካ ሆኖ እዚያው ተዘርግቶ ይገኛል። በዚያው ሰሞን ከዓሦቹ ቆሻሻ መበስበስ የሚመጣውን ናይትሬት ስለካ በሊትር 40 ሚሊግራም ሆኖ አገኘሁት። ኮራል፣ ባለበት ተጣብቆ የሚኖረውን የባሕር እንስሳ፣ ለሚያኖር ሰው ይህ ብዙ ነው፤ አብዛኞቻችን ከ2 እስከ 10 ባለው ውስጥ እንዲሰነብት እንጥራለን። በየሳምንቱ ከውሃው 10 በመቶውን እቀይር ነበር፤ ይሁን እንጂ ከ40 ላይ 10 በመቶ መቀነስ 36 ላይ ያደርሳል እንጂ የትም አያደርስም፣ ያችን አራት ሚሊግራም ደግሞ ዓሦቹ እስከሚቀጥለው ሳምንት መልሰው ይሞሏታል።

ማጣሪያዬ አንሶ ነው ብዬ ደመደምኩ። ፕሮቲን ስኪመሩን፣ ቆሻሻን በአረፋ የሚያወጣውን መሣሪያ፣ በሚበልጠው ቀየርኩ፤ ከታች ባለው ካቢኔ ውስጥ በተቀመጠው ሁለተኛ ገንዳ፣ ሰምፕ በምንለው ውስጥ፣ ተጨማሪ ስፖንጅ አስገባሁ፤ ቆሻሻ የሚስበውን የከሰል ማጣሪያ፣ የካርቦኑንም መጠን እጥፍ አደረግሁ። ስምንት ወር ሙሉ የስኪመሩ ጽዋ በየሁለት ቀኑ በጠቆረ ፈሳሽ እየሞላ ሲያስደስተኝ ከረመ፤ ናይትሬቱ ግን ከ35 በታች አልወረደም፣ ቀዩ ሽፋንም ከጥጉ አልተነቀለም። ማጣሪያ የሚያጣራው ውሃው ያመጣለትን ብቻ ነው የሚለው እጅግ ቀላል ነገር የገባኝ ይህን ሁሉ ከደከምኩ በኋላ ነው።

የገባኝም በአንድ ምሽት ነው። ዋናውን መብራት አጥፍቼ፣ በመስታወቱ ጎን በእጅ ባትሪ እያበራሁ፣ በደንብ የደቀቀ የዓሣ ምግብ ጨመርኩ። ብናኙ በባትሪው ብርሃን ውስጥ የውሃውን መንገድ አንድ በአንድ አሳየኝ። ከፊት ለፊት ያለው ውሃ በግራ በኩል ካለችው ብቸኛ የሞገድ ፓምፕ ተነሥቶ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ መስታወቱን ገጭቶ ይመለሳል፣ እንደገናም ይዞራል፤ ሲያዩት ብርቱ ነው። ወደ ኋላ የዞረው ብናኝ ግን ድንጋዮቹን እንዳለፈ ዝግ ይላል፣ ይንሳፈፋል፣ ከዚያም እንደ አቧራ ቀስ ብሎ አሸዋው ላይ ያርፋል። በኋለኛው መስታወት ላይ ተደግፎ የተደረደረው የድንጋይ ክምር ግድግዳ ሆኖ የአኳሪየሙን አንድ ሦስተኛ ከቀሪው ለይቶት ነበር። ዓሦቹ የሚያስወጡትና ሳይበሉት የሚያልፋቸው ሁሉ ለአራት ዓመት እዚያ ሲጠራቀም፣ ሲበሰብስና ወደ ናይትሬት ሲለወጥ ኖሯል። በማግሥቱ አንዱን ድንጋይ ባነሣው ከሥሩ እንደ ጭስ የተነሣው ዝቃጭ ለሁለት ሰዓት ያህል አኳሪየሙን አደፈረሰው።

ኮራል ምግቡንና ኦክስጅኑን ፍለጋ አይዞርም፤ ውሃው የሚያስፈልገውን ተሸክሞ እንዲያመጣለት፣ የማይፈልገውንም ተሸክሞ እንዲወስድለት ባለበት ሆኖ ይጠብቃል። በገላው ላይ ደግሞ ተጣብቆ የሚቀር እጅግ ስስ የረጋ የውሃ ንብርብር አለ፤ ኦክስጅንም ሆነ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ካልሲየምም ሆነ የሰውነቱ ቆሻሻ ይህን ንብርብር በዝግታ ሰርጎ ማለፍ ይኖርበታል። ውሃው ሲፈጥን ንብርብሩ ይሳሳል፣ ልውውጡም ይፋጠናል። ቀን ቀን በኮራሉ ሥጋ ውስጥ የሚኖሩት ዞዛንቴላ የተባሉ ጥቃቅን አልጌዎች ብርሃኑን ተጠቅመው ኦክስጅን ያመርታሉ፤ ያ ኦክስጅን በጊዜው ተጠርጎ ካልሄደ ሕዋሱን ይጎዳል። ሌሊት ነገሩ ይገለበጥና ኮራሉም አልጌዎቹም ኦክስጅን ፈላጊ ይሆናሉ። ናካሙራ እና ቫን ዎሲክ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጡት ጥናት፣ ባሕሩ ከልክ በላይ በሞቀበት በ1998 አንዳንዶቹ ኮራሎች ሲሞቱ ሌሎቹ የተረፉበትን ምክንያት በከፊል ከውሃ ፍሰት ፍጥነት ጋር አያይዘውታል። እንግዲህ ፍሰት ለኮራል የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

በኮራል ጠባቂዎች ዘንድ በተለምዶ የሚጠቀሰው መለኪያ የሞገድ ፓምፖቹ በአንድ ሰዓት የሚያንቀሳቅሱት ውሃ የአኳሪየሙን መጠን ስንት እጥፍ ይሆናል የሚለው ነው። ለስላሳ ለሆኑት እንደ ዞአንተስና ቆዳ ኮራል ላሉት ከ10 እስከ 20 እጥፍ፣ ትልልቅ ፖሊፕ፣ ማለትም አበባ መሰል አፍ፣ ላላቸው ከ20 እስከ 30፣ እንደ አክሮፖራ ላሉት ጥቃቅን ፖሊፕ ያላቸው ደግሞ ከ40 በላይ ይባላል። የእኔ አኳሪየም 120 በ50 በ50 ሴንቲሜትር፣ ማለትም 300 ሊትር ነው፤ የነበረችው ፓምፕ በሰዓት 4000 ሊትር ስለምታንቀሳቅስ 13 እጥፍ ያህል ታደርሳለች። ቁጥሩ ለመነሻ ይጠቅማል፤ ውሃው የት እንደሚደርስ ግን አይናገርም። አንዲት ብርቱ ፓምፕ ወደ አንድ ኮራል ብትተኩስ በወረቀት ላይ 40 እጥፍ ይሆናል፤ ያ ኮራል ግን ሥጋው እየተገሸለጠ አጥንቱ ሲቀር፣ በሌላው ጥግ ቀዩ ሽፋን በሰላም ይኖራል።

ስለዚህ መጀመሪያ የነካሁት ፓምፑን ሳይሆን ድንጋዩን ነው። የማይመለስ ሥራ ስለመሰለኝ ለሦስት ሳምንት ያህል አመንትቻለሁ። ዓሦቹንና ኮራሎቹን ከአኳሪየሙ በተቀዳ ውሃ በተሞሉ፣ ማሞቂያና ትንሽ ፓምፕ ባላቸው ገንዳዎች አቆይቼ፣ አንዱን ትልቅ ክምር ለሁለት ከፈልኩት፤ በሁለቱ መካከል ሰፊ መተላለፊያ ተውኩ፤ ከአራቱም መስታወቶች ቢያንስ 10 ሴንቲሜትር አራቅኋቸው። የታችኞቹን ድንጋዮች በአጫጭር የፕላስቲክ ቱቦ ቁራጮች ላይ አስቀምጬ ከሥራቸውም ውሃ እንዲያልፍ አደረግሁ። ከድንጋዮቹ ሦስቱ ተመልሰው አልገቡም፤ ለውበት ሲባል የተቆለሉ እንጂ ሌላ ሥራ አልነበራቸውም።

ድንጋዩን እንዲህ በቁም ነገር የማነሣው ራሱ ዋናው ማጣሪያ ስለሆነ ነው። ሊ ቺን ኤንግ የተባለ የኢንዶኔዥያ ሰው እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው ጽሑፍ ከባሕር የመጣ ሕያው ድንጋይ፣ ብርሃንና የአየር አረፋ ብቻ በመጠቀም ኮራል ማኖር እንደሚቻል አሳይቷል። በድንጋዩ ገጽ ላይ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ወደ ናይትሬት ይለውጣሉ፤ ለዚህም ኦክስጅን ይፈልጋሉ። ኦክስጅን በማይዘልቅበት የውስጥ ቀዳዳ ውስጥ ያሉት ሌሎች ባክቴሪያዎች ደግሞ ናይትሬቱን ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ለውጠው ወደ አየር ያሰናብቱታል። በዝቃጭ የተሸፈነ ድንጋይ ግን ቀዳዳው ተደፍኖ ሁለቱንም ሥራ ያቆማል። ለካ አራት ዓመት ሙሉ ከሁሉ የሚበልጠውን ማጣሪያዬን በቆሻሻ ደፍኜ፣ ሌላ ማጣሪያ ፍለጋ ስባዝን ኖሬያለሁ።

ከዚያ ወደ ፓምፖቹ መጣሁ። በሰዓት 5000 ሊትር የሚያንቀሳቅሱ ሁለት የሞገድ ፓምፖች በሁለቱ አጭር ጎኖች ላይ፣ ትይዩ ሳይሆኑ አንዱን ከፍ አንዱን ዝቅ አድርጌ ገጠምኩ። ኃይላቸው በተቆጣጣሪ ስለሚለዋወጥ አንዱ ሲበረታ ሌላው ይለሳል፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላም ይቀያየራሉ። ሁለቱ ፍሰቶች በመሃል ሲጋጩ የተሰበረ፣ አቅጣጫው የማይታወቅ ፍሰት ይፈጠራል፤ በባሕር ያለ ኮራል የለመደው ይህንኑ ወዲያና ወዲህ የሚለውን ነው። ሁለቱም በሙሉ ኃይል ቢሠሩ 33 እጥፍ ያህል ይሆናል፤ እኔ ከ70 በመቶ በላይ አላስኬዳቸውም። ሙሉ ኃይል የሰጠኋቸው የመጀመሪያው ቀን አሸዋው ከቀኝ ተጠርጎ በግራ እንደ ኮረብታ ተቆልሎ አድሯልና። በነገራችን ላይ አኔሞኒ፣ የኮራል ዘመድ የሆነ አበባ መሰል እንስሳ፣ ያለው ሰው በፓምፑ አፍ ላይ መከለያ ሳያደርግ ማደር የለበትም፤ አኔሞኒ ቦታ ለመቀየር በእግሩ ሲሄድ ወደ ፓምፕ ከገባ ራሱን ብቻ ሳይሆን ውሃውን ሁሉ ያበላሻል።

ወደ ሰምፑ የወረደውን ውሃ ወደ አኳሪየሙ የሚያወጣው መላሽ ፓምፕ የሌላ ታሪክ ባለቤት ነው። ካርቶኑ ላይ በሰዓት 3000 ሊትር የሚል ነበርና አሥር እጥፍ ማለት ነው ብዬ አምኜ ተቀምጬ ነበር። አንድ ቀን የመመለሻ ቱቦውን ከጫፉ ፈትቼ፣ በዚያው በአኳሪየሙ አፍ ከፍታ በያዝኩት ባልዲ ውስጥ እንዲፈስ አድርጌ ለካሁት፤ 10 ሊትር ለመሙላት 30 ሰከንድ ፈጀበት። ይህም በሰዓት 1200 ሊትር፣ አራት እጥፍ ብቻ ነው። ካርቶኑ የሚናገረው ፓምፑ ውሃውን ምንም ወደ ላይ ሳይገፋ የሚኖረውን ፍሰት ነው፤ እኔ ግን 1 ሜትር ከ40 አስወጣዋለሁ፣ በመንገዱም ላይ አራት ጎሚቶ ደርድሬበታለሁ። ሁለቱን ጎሚቶ አውጥቼ በሚታጠፍ ቱቦ ተካሁ። ፓምፑንም ፈትቼ አየሁት፤ የሚሽከረከረው ክፍል እንደ ኖራ ነጭ በሆነ የካልሲየም ካርቦኔት ቅርፊት ተሸፍኖ ነበር። እኩል በእኩል ውሃ በተቀላቀለበት አቼቶ ውስጥ ለአንድ ሰዓት ያህል ስዘፈዝፈው እየፈላ ለቀቀ፣ የቀረውንም በጥርስ ብሩሽ አጸዳሁት። እንደገና ስለካ ባልዲው በ20 ሰከንድ ሞላ፤ በሰዓት 1800 ሊትር፣ ስድስት እጥፍ ማለት ነው። ለዚህ ክፍል ከዚህ በላይ አያስፈልግም፤ ውሃው በሰምፑ ውስጥ ሲሮጥ ጥቃቅን አረፋ ይዞ ወደ ላይ ይመለሳል፣ የስኪመሩም ውሃ ከፍታ ይናወጣል።

በዚህ ጊዜ ነው ለረጅም ጊዜ የናቅኩትን የጨርቅ ማጣሪያ መልሼ ያየሁት። ከላይ የሚወርደው ውሃ መጀመሪያ የሚገባበት፣ ባለ 200 ማይክሮን ቀዳዳ ከረጢት ነው። ቀድሞ በየሁለት ሳምንቱ አጥበው ነበር፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ግን የያዘው ሁሉ በስብሶ ሟሙቶ ተመልሶ ውሃው ውስጥ ይገባል፣ ስለዚህ ቆሻሻውን የያዘ ይምሰል እንጂ ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው የሚያዘገየው። አሁን ስድስት ከረጢት አለኝ፣ በየሦስት ቀኑ እየቀያየርኩ ያለ ሳሙና አጥባቸዋለሁ። ድንጋዩ ከተስተካከለ በኋላ የመጀመሪያው ከረጢት በአንድ ሌሊት ቡናማ ሆኖ ሳገኘው የተሰማኝን ደስታ ለሌላ ሰው ማስረዳት ይከብዳል።

ስኪመሩን ደግሞ ከሚገባው በላይ አምኜበት ነበር። አሠራሩ ብልሃተኛ ነው፤ ከፕሮቲንና ከቅባት የሚገኙ ብዙ ሞለኪውሎች አንዱ ጫፋቸው ውሃ ወዳድ፣ ሌላው ውሃ የሚሸሽ በመሆኑ የአየርና የውሃ ድንበር በሆነው የአረፋ ገጽ ላይ ይጣበቃሉ፣ አረፋውም ወደ ጽዋው ይዟቸው ይወጣል። በጨው ውሃ ውስጥ አረፋዎቹ ቶሎ ስለማይዋሃዱ ጥቃቅን እንደሆኑ ይቆያሉ፤ መሣሪያው በንጹሕ ውሃ የማይሠራውም ለዚህ ነው። ነገር ግን ኬሚስቱ ኬን ፌልድማን እ.ኤ.አ. በ2009 በጀመሩት ተከታታይ ልኬት የተሞከሩት ስኪመሮች ሊያወጡ የቻሉት በውሃው ካለው ሊለካ የሚችል ኦርጋኒክ ካርቦን ከ20 እስከ 30 በመቶ የሚሆነውን ብቻ ነበር። ከድንጋይ ሥር የተቀበረ ዝቃጭ ደግሞ መጀመሪያውኑ ወደ እርሱ አይመጣም። ቢሆንም አየር አብዝቶ ከውሃ ጋር ስለሚያቀላቅል ለኦክስጅን ሲል ብቻ እንኳ አልተወውም። በ25 ዲግሪ ሙቀት የባሕር ውሃ ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅን በሊትር 6.8 ሚሊግራም ያህል ነው፤ ንጹሕ ውሃ 8.3 ይይዛል። የሚባክን ትርፍ የለንም። ስኪመሩ በሚገባ እንዲሠራ የምመክረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የቆመበት ክፍል የውሃ ከፍታ እንዳይለዋወጥ ማድረግ። እጃችንን አኳሪየሙ ውስጥ ስናስገባ ወይም ቅባት ያለው ምግብ ስንሰጥ አረፋው ለጥቂት ሰዓት ቢጠፋ መሣሪያው አልተበላሸም፣ መነካካት አያስፈልገውም።

ከአራት ወር በኋላ ናይትሬቱ 12 ደረሰ። በሰምፑ አንድ ክፍል ውስጥ ኬቶሞርፋ የተባለውን ፀጉር መሰል አልጌ አስገብቼ፣ ከላይ ያለው መብራት በሚጠፋበት ሌሊት አበራለት ጀመር፤ አልጌው ናይትሬትና ፎስፌት እየበላ ያድጋል፣ በሌሊትም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚወስድ የውሃው ፒኤች፣ ማለትም የአሲድነቱ ልክ፣ እንደ ድሮው አይዋዥቅም። ናይትሬቱ ወደ 3 ወረደ። እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ፎስፌቱ ግን በሊትር 0.15 ሚሊግራም ስለነበር ትዕግሥት አጣሁና ፎስፌት የሚስቡ የብረት ኦክሳይድ እንክብሎችን በማሸጊያው ላይ በተጻፈው ሙሉ መጠን ጨመርኩ። በአሥር ቀን ውስጥ ፎስፌቱ በመለኪያዬ የማይነበብ ሆነ፣ ናይትሬቱም ተከትሎት ጠፋ። ኮራሎቹ ገረጡ፤ በአሸዋውና በድንጋዩ ላይ የአየር አረፋ የቋጠረ ቡናማ ንፍጥ ተንጠለጠለ። ዳይኖፍላጀሌት የተባለ በዓይን የማይታይ ጥቃቅን ሕይወት ነው፤ ከቀዩ ሽፋን ይልቅ አስቸጋሪ ነው፣ ተፎካካሪዎቹ በረሃብ ሲያልቁ እርሱ ቦታውን ይይዛልና።

የውቅያኖስ ተመራማሪው አልፍሬድ ሬድፊልድ ፕላንክተን በተባሉት የባሕር ተንሳፋፊ ሕያዋን ውስጥ ካርቦን፣ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ በ106 ለ16 ለ1 ምጥጥን እንደሚገኙ ማስተዋላቸው በትምህርት ቤት የሰማሁት ነገር ነበር፤ ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ ከናይትሮጅንም ከፎስፈረስም እንደሚፈልግ ግን በዚህ ጊዜ ነው በተግባር ያየሁት። እንክብሉን አወጣሁ፣ የዓሦቹን ምግብ ጨመርኩ፣ የውሃ ለውጡን ለአንድ ወር አቆምኩ፤ ናይትሬቱ ወደ 5፣ ፎስፌቱ ወደ 0.08 ሲመለስ ቡናማው ንፍጥ በሰባት ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ለቀቀ። አሁን ካርቦን እንጂ ሌላ የኬሚካል ማጣሪያ አልጠቀምም፤ ካርቦኑንም በወር አንድ ሳምንት ብቻ፣ ውሃው ቢጫ ሲመስለኝ።

ስለ ደህንነት የምለው ከአንድ እርጥብ ምንጣፍ የተማርኩትን ነው። መብራት ሲጠፋ መላሹ ፓምፕ ይቆማል፣ ከአኳሪየሙ ያለው ውሃም በመመለሻ ቱቦው በኩል ወደ ኋላ ይሳባል፤ የቱቦው አፍ ከውሃው ወለል በላይ ሆኖ አየር እስኪስብ ድረስ አያቆምም። በእኔ አኳሪየም እያንዳንዱ ሴንቲሜትር ከፍታ 6 ሊትር ነው። አፉን 4 ሴንቲሜትር አጥልቄው ስለነበር 24 ሊትር ወረደ፣ በሰምፑ የነበረው ባዶ ቦታ ግን 15 ብቻ ነበር። በቱቦው ላይ ልክ ከወለሉ ሥር የተበሳች ትንሽ ቀዳዳ አየር አስገብታ ስበቱን ልትሰብር ይገባት ነበር፤ ቀንድ አውጣ ገብቶባት ተደፍና ኖሯል። አሁን የቱቦው አፍ ከወለሉ 1 ሴንቲሜትር ብቻ ዝቅ ይላል፣ በሰምፑም ግድግዳ ላይ ከዚህ በላይ ውሃ አይሞላም የሚል መስመር በቀለም አስምሬያለሁ። አዲስ ነገር በገጠምኩ ቁጥር ሶኬቱን ነቅዬ ውሃው የት እንደሚቆም አያለሁ። በባትሪ የምትሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕም ከአጠገቡ አለች፤ ዝውውሩ ሲቆም ዓሦቹን ቀድሞ የሚጎዳቸው የኦክስጅን እጥረት ነውና።

ቀዩ ሽፋን ከጠፋ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል፤ ናይትሬቱ በ4 እና በ8 መካከል ይመላለሳል። መላሹ ፓምፕና ሁለቱ የሞገድ ፓምፖች በየሦስት ወሩ አቼቶ ውስጥ ያርፋሉ፤ ቀኑን በካቢኔው በር ውስጠኛ ገጽ ላይ በእርሳስ እጽፋለሁ። ከውሃ መውረጃው ሳጥን ጀርባ፣ እጅ በማይገባበት ስንጥቅ፣ አሁንም ትንሽ ዝቃጭ ይጠራቀማል። ሳጥኑ ከመስታወቱ ጋር ስለተጣበቀ ላነሣው አልችልም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከረጢቱን ከመቀየሬ በፊት በረጅም ቱቦ በተገጠመ ሲሪንጅ ውሃ እተኩስበታለሁ፣ የተነሣውንም ፍሰቱ ይዞት ይወርዳል።